በቬትናም ልሳን የዓረፍተ ነገር መዝጊያ አገባቦች

በሰሜን ቬትናም አንድ ሕፃን በአያቱ ፊት ቆሞ የተጠየቀውን በትክክል ቢመልስም፣ ንግግሩን ያለ ማክበሪያ ቃል የጨረሰው እንደ ሆነ እናቱ ወዲያውኑ ትቈጣዋለች። ቍጣዋ «ዋሸህ» ወይም «ተሳሳትህ» የሚል አይደለም፤ «ባዶውን አትናገር» የሚል ነው። በአገሩ ቋንቋ ይህን ነውር «ኖይ ቾንግ ኾንግ» ይሉታል፤ ፍችውም ባዶ አድርጎ መናገር ማለት ነው። ነገር ግን ልጁ የተናገረው ባዶ አልነበረም፤ ስምም ግስም ነበረበት፤ የተጠየቀውንም ነገር አሟልቶ ገልጧል። የጐደለው ሰሚው የሚጠራበት የዘመድ ስምና በዓረፍተ ነገሩ ጫፍ ላይ የምትቀመጥ አንዲት አጭር ቃል ብቻ ናት።

የሰዋስው ሊቃውንት ግን ስለ እነዚህ አጫጭር ቃላት የሰጡት ፍርድ ከእናቲቱ ፍርድ ጋራ ተቃራኒ ነው። ቬትናማውያን ለብዙ ዘመናት ከቻይና ሊቃውንት በተማሩት ልማድ መሠረት ቃላትን «ሙሉ» እና «ባዶ» ብለው በሁለት ይከፍሏቸዋል። ሙሉ የሚባሉት ነገርንና ድርጊትን የሚጠሩት ናቸው፤ ባዶ የሚባሉትም ብቻቸውን ሲቆሙ የሚያመለክቱት ነገር የሌላቸው፣ ሌሎቹን የሚያያይዙና የሚያሰማምሩ ናቸው። እንግዲህ ሊቁ ባዶ ብሎ የሰየመው ቃል በቀረ ጊዜ እናቲቱ ንግግሩን በሙሉ ባዶ ትለዋለች። ከሁለቱ ፍርዶች የእናቲቱ ወደ እውነት የቀረበ መሆኑን ለመረዳት የልሳኑን ጠባይ በጥቂቱ መመልከት ያስፈልጋል።

በ2019 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ የቬትናም ነዋሪ ከ96 ሚሊዮን በላይ ነበር (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)። መንግሥቱ በይፋ ከሚያውቃቸው 54 ነገዶች መካከል ከመቶ 85 ያህሉ «ኪን» የሚባለው ነገድ ሲሆን ቬትናምኛ የእርሱ ልሳን ነው። ከቻይና የተበደራቸው ቃላት እጅግ የበዙ ስለ ሆኑ የቻይና ቋንቋ ዘመድ የመሰላቸው ብዙዎች ነበሩ፤ ዛሬ ግን ከካምቦድያው ክሜር ጋራ በአንድ ቤተ ሰብ እንደሚመደብ የታወቀ ነው።

የቬትናምኛ ግስ አይረባም። በአማርኛ «መጣሁ፣ መጣህ፣ መጣች፣ መጡ» ሲባል የአድራጊው ማንነት በግሱ ውስጥ ገብቷል፤ አክብሮቱም እንዲሁ። አንድ ሰው ስለ አባቱ ሲናገር «መጣ» ማለቱን ትቶ «መጡ» ቢል ሌላ ቃል ሳይጨምር ክብር ሰጥቷል። ቬትናምኛ ይህን ለማድረግ አይችልም። ግሱ ለንጉሥም ለሕፃንም፣ ለትናንትም ለነገም ያው ነው፤ አይለወጥም። ስለዚህ አክብሮት ከግሱ ውጭ ማደሪያ መፈለግ ነበረበት፤ ያገኘውም በሁለት ስፍራ ነው። አንደኛው ከፊት የሚቀመጠው የዘመድ ስም፣ ሁለተኛው ከኋላ የሚመጣው መዝጊያ አገባብ ነው።

ሌላው ጠባይ ቃና ነው። በሀኖይና በአካባቢው እያንዳንዱ ቃል ከስድስት ቃናዎች አንዱን ይዞ ይነገራል፤ በደቡብ ሁለቱ ስለ ተቀላቀሉ አምስት ናቸው። «ማ» የሚለው ድምፅ በተስተካከለ ቃና ሲነገር መንፈስ፣ ዝቅ ብሎ ሲወርድ «ነገር ግን»፣ ሽቅብ ሲወጣ ጕንጭ፣ ወርዶ ሲመለስ መቃብር፣ በጕሮሮ ተሰብሮ ሲወጣ ፈረስ፣ ዝቅ ብሎ በድንገት ሲቆረጥ የሩዝ ችግኝ ይሆናል። ፈረንሳዊው ሊቅ አንድሬ ጆርጅ ኦድሪኩር እነዚህ ቃናዎች በጥንት ዘመን በቃላቱ መድረሻ የነበሩ ተነባቢዎች ሲጠፉ እንደ ተወለዱ በ1954 ዓ.ም. አስረድቷል። አሌክሳንደር ደ ሮድ የተባለው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህንም በ1624 ዓ.ም. ወደዚያ አገር በደረሰ ጊዜ የሰዎቹ ንግግር የወፎች ጫጫታ መስሎ እንደ ተሰማው ጽፏል።

የዚህ ጠባይ ውጤት የሚገርም ነው። አማርኛ ተናጋሪ «ትሄዳለህ» የሚለውን አንድ ቃል በድምፁ አወጣጥ ብቻ ጥያቄ፣ ትእዛዝ፣ ዛቻ ወይም ልመና ሊያደርገው ይችላል። በቬትናምኛ ግን የድምፅ መውጣትና መውረድ አስቀድሞ ለቃሉ ፍች ተይዟል። ተናጋሪው ስለ ተደነቀ ብቻ የቃሉን ቃና ሽቅብ ቢጐትተው ችግኙን ጕንጭ ያደርገዋል። እርግጥ ነው፣ ድምፅን ማጕላትና ማለስለስ፣ ማፍጠንና ማዘግየት ለእርሱም አልተከለከለም፤ ነገር ግን ዋናው የስሜት ሸክም በቃል ላይ ይወድቃል። ይህም ማለት ግን የአገባቦቹ ብቸኛ ምክንያት ቃና ነው ማለት አይደለም። እንደዚህ ያለ የቃና ሥርዓት የሌለው የጃፓን ልሳንም በዓረፍተ ነገር መጨረሻ ተመሳሳይ ቃላትን ያበዛል።

ነገሩ በምሳሌ ሲታይ ይበልጥ ይገለጣል። «አኝ ዲ» የምትለው አጭር ንግግር ሁለት ቃላት አሏት። «አኝ» ታላቅ ወንድም ማለት ነው፤ ሆኖም በሥጋ ለሚዛመድ ብቻ ሳይሆን በዕድሜ ጥቂት ለሚበልጥ ወንድ ሁሉ መጠሪያ ይሆናል፤ እንደ ተናጋሪውም ማንነት «እኔ»፣ «አንተ» ወይም «እርሱ» ተብሎ ይተረጐማል። «ዲ» መሄድ ነው። እንግዲህ እነዚህ ሁለት ቃላት ብቻቸውን ሲነገሩ ማን እንደሚሄድ እንኳ በውል አይታወቅም።

በእነርሱ ላይ ዝቅ ብላ የምትወርደው «አ» ስትጨመር ንግግሩ «ልትሄድ ነው እንዴ?» ይሆናል፤ ተናጋሪው ሰውየው ባርኔጣውን ሲያነሣ አይቶ የገመተውን ለማረጋገጥ ይጠይቃል። በዚያች ስፍራ ዝቅ ብላ በድንገት የምትቆረጠው «አ» የገባች እንደ ሆነ ግን ተናጋሪው ታናሽ፣ ሰሚውም የሚከበር መሆኑ ታወቀ። በግዕዝ ፊደል ሁለቱም በአንድ «አ» ይጻፋሉ፤ በቬትናማዊ ጆሮ ግን አንዱ መደነቅ፣ ሌላው እጅ መንሣት ነው። የውጭ አገር ተማሪ ቃናውን ስቶ አንዱን በሌላው ስፍራ ቢያስገባ ሽማግሌውን አከበርሁ ሲል እንደ እኩያው «እውነት እንዴ?» ብሎ የጠየቀው ይመስላል።

ሽቅብ የምትወጣው «ኜ» ስትጨመር ደግሞ ንግግሩ ብዙውን ጊዜ የታላቅ ወንድሙ የራሱ ይሆናል፤ «እሄዳለሁ፤ እሺ?» እንደ ማለት ነው። መሄዱን ማስታወቅ ብቻ አይደለም፤ የቀሪውን ፈቃድ በለዘብታ መጠየቅም አለበት። ያለዚህች ቃል ተነሥቶ የሚወጣ ሰው ቅር ያለው ይመስላል። «ች» የምትባለው ቃል በመጨረሻ ስትመጣ ተናጋሪው የአዎንታ መልስ እንደሚጠብቅ ታመለክታለች፤ «ትሄዳለህ እንጂ?» ማለት ነው። «ዲ» ራሷ ተደግማ «አኝ ዲ ዲ» ቢባል የመጀመሪያይቱ ግስ፣ ሁለተኛይቱ መገፋፊያ ሆና «ሂድ እንጂ» የሚል ትሰጣለች።

ተማሪዎችን ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸግሩት «ኜ» እና «ኚ» ናቸው። ሁለቱም የሰሚውን ስምምነት ይሻሉ፤ ነገር ግን የሚሹት ስምምነት አንድ ዓይነት አይደለም። «ኜ» ፈቃድን ትጠይቃለች፤ «ጠብቀኝ፤ እሺ?» እንደሚባለው ነው። «ኚ» ግን ሐሳብን ትጠይቃለች፤ «ዛሬ ሰማዩ አምሯል፤ አይደል?» እንደ ማለት ነው፤ ሰሚው ምንም እንዲያደርግ አይፈለግም፤ አብሮ እንዲያይ ብቻ ይጋበዛል። ይህችው «ኚ» ሰው ራሱን በሚጠይቅበት ጊዜም ትገባለች። የረሳውን ስም ለማስታወስ የሚሞክር ሰው በጥያቄው ጫፍ ላይ «ኚ» ሲጨምር ጥያቄው የመርማሪ ጥያቄ መሆኑ ይቀራል። አማርኛ በዚህ ስፍራ ግሱን ወደ ኃላፊ ጊዜ መልሶ «ስሙ ማን ነበር?» በማለት ያንኑ ለዘብታ ያገኛል፤ ሰውየው ግን ስሙን አልለወጠም።

«ች» ለአማርኛ አንባቢ የምትቀርብ ቃል ናት። በዓረፍተ ነገር መካከል ስትገባ አንዱን ነገር አጽድቃ ሌላውን ታፈርሳለች፤ «ቡና እንጂ ሻይ አይደለም» በሚለው ንግግር የ«እንጂ»ን ስፍራ በትክክል ትይዛለች። በመጨረሻ ስትቀመጥ ደግሞ «ታውቃለህን?» ተብሎ ለተጠየቀ ሰው «አውቃለሁ እንጂ!» የሚል መልስ ትሆናለች። ሁለት ልሳኖች ምንም ዝምድና ሳይኖራቸው አንዲቱን ቃል በሁለቱም አገልግሎት እንዲህ አስተካክለው መጠቀማቸው ሊደነቅ የሚገባ ነው። እንደዚሁም ከላይ «ነገር ግን» ተብላ የተፈታችው «ማ» ወደ ዓረፍተ ነገሩ ጫፍ ስትሄድ «ነግሬህ ነበር እኮ!» የሚለውን የወቀሳ ድምፅ ትሰጣለች። «ነገር ግን» የሚል ቃል በመጨረሻ ሲመጣ ተከታዩን ነገር ሰሚው ራሱ እንዲጨምረው ይተውለታል፤ ያልተነገረውም ተከታይ «አንተ ግን አልሰማህም» የሚል ነው።

በኢትዮጵያ የቅኔ ቤት ትምህርት እንደነዚህ ያሉት ቃላት «አገባብ» ተብለው ዐቢይ፣ ንኡስና ደቂቅ እየተባሉ በሦስት ክፍል መሰጠታቸው ይታወቃል። ስያሜው ቃላቱን በባዶነታቸው ሳይሆን በአገባባቸው፣ ማለት ወደ ነገሩ በሚገቡበት ስፍራና ስልት፣ የሚመለከት ስለ ሆነ ለቬትናምኛም ከቻይናው ስያሜ ይልቅ ይስማማል። በቬትናም ያሉ የዘመኑ የሰዋስው መምህራንም የስሜትና የሁኔታ ቃላት የሚል ፍች ባለው ስም «ቲኝ ታይ ት» ይሏቸዋል።

ከእነዚህ አገባቦች ብዙዎቹ ቀድሞ ሙሉ ቃላት ነበሩ፤ ዛሬም በሌላ ስፍራ ሙሉ ሆነው ይኖራሉ። መገፋፊያዋ «ዲ» መሄድ እንደ ነበረች ከላይ ታይቷል። «ቶይ» ማቆም ማለት ነው፤ በንግግር ጫፍ ግን «ብቻ» ወይም «በቃ» ይሆናል፤ «አንድ ብቻ» የሚለው በእርሱ ይነገራል። ይሁን እንጂ «ዲ ቶይ» ሲባል «መሄድ ይቁም» ማለት አይደለም፤ «በሉ እንሂድ» ማለት ነው፤ የሚቆመው መቀመጡና መዘግየቱ ነው። በአማርኛም «በል» የሚለው ቃል ከ«አለ» ወጥቶ «በል እንነሣ» በሚለው ንግግር ውስጥ የመናገርን ፍች ፈጽሞ መተዉ ይህን ይመስላል። «ደይ» የምትባለው ቃል በተስተካከለ ቃና «እዚህ»፣ ሽቅብ ስትወጣ «እዚያ» ናት፤ በመጨረሻ ስትገባ የመጀመሪያይቱ «ይኸው ሄድሁ» እንደሚለው የተናጋሪውን ድርጊት ወደ ሰሚው ዓይን ታቀርባለች፤ ሁለተኛይቱ «ተጠንቀቅ፣ ኋላ!» እንደሚለው ማስጠንቀቂያን ታጠነክራለች።

ከሁሉ ልብ የምትነካው «ቨይ» ናት። «ጋራ» ማለት ናት፤ ሰው ከሰው ጋራ ሲሄድ ወይም ሲበላ ትነገራለች። ሰዎች ጥለውት ሲሄዱ «እኔንም ውሰዱኝ» የሚል ልጅ በመጨረሻ «ቨይ» ይላል፤ በዚህ ስፍራ ገና «ከእናንተ ጋራ» የሚለው ፍች ይታያል። በውሃ የሚሰጥም ሰውም «አድኑኝ!» ሲል ጩኸቱን የሚጨርሰው በዚህችው ቃል ነው። እዚህ ላይ አብሮ የሚሄድ ማንም የለም፤ ነገር ግን ብቻውን የቀረ ሰው የሚጠራት የመጨረሻ ቃል «ጋራ» መሆኗ አልቀረም። በመዝገበ ቃላት ይህች አገልግሎት «የልመና አገባብ» ተብላ በአጭሩ ታልፋለች።

በዓረፍተ ነገሩ ጫፍ ሳይሆን ከሚያጐሉት ቃል ፊት የሚቀመጡም አሉ። አንድ ሰው ሦስት ፍንጃል ሻይ ጠጣ ሲባል ቍጥር ብቻ ተነገረ። ከቍጥሩ ፊት «ኝንግ» የገባች እንደ ሆነ «ሦስት ያህል!» የሚል መደነቅ ይሆናል፤ ለተናጋሪው በዝቶበታል። «ኮ» የገባች እንደ ሆነ ግን «ሦስት ብቻ» ይሆናል፤ አንሶበታል። ፍንጃሎቹ ሦስት ናቸው፤ የተለወጠው የተናጋሪው ሚዛን ነው።

ወደ ማክበሪያዋ «አ» ስንመለስ፣ እርስዋ ከሁሉ ጐልታ የምትሰማው በማዕድ ዙሪያ ነው። በሰሜን፣ ይልቁንም በሀኖይና በቀይ ወንዝ ሜዳ፣ በጥንቱ ሥርዓት በሚኖር ቤት ማንም ታናሽ ታላቆቹን ሳይጋብዝ እህል አይቀምስም። ልጁ አስቀድሞ አያቶቹን፣ ቀጥሎ አባቱንና እናቱን፣ ከዚያም ታላላቆቹን በየተራ እየጠራ ምግቡን እንዲበሉለት ይለምናል። የሚጋብዝበትም የመብላት ግስ ተራው «አን» ሳይሆን ለተከበረ ሰው የሚነገረው «ሰይ» ነው። እያንዳንዱም ግብዣ በቍርጡ «አ» ይዘጋል። ምግቡን የገዛውም ያበሰለውም ልጁ አይደለም፤ ሩዙም ከአያቱ ፊት ቀርቧል፤ ስለዚህ ግብዣው ምንም ዜና አይሰጥም። ቢሆንም ሳይነገር መብላት አይጀመርም። ስምንት ሰው በተቀመጠበት ማዕድ ታናሹ ተራውን እስኪጨርስ ሩዙ ይቀዘቅዛል እየተባለ ይቀለዳል፤ ዛሬም በብዙ ቤት ሥርዓቱ አጥሮ ሁሉን ባንድነት በአንድ ቃል መጋበዝ ተለምዷል፤ በአንዳንድ ቤትም ፈጽሞ ቀርቷል። የ«አ» መቅረት ግን በቀላሉ አይታለፍም።

መልካም አስተዳደግ ያለው ልጅ በቬትናም ሲጠሩት «ዛ»፣ ሲያዙት «ቨንግ» የሚል ነው ይባላል። አማርኛ ተናጋሪ ይህን አባባል ለመረዳት ማብራሪያ አይሻም፤ «ሲጠሩት አቤት፣ ሲልኩት ወዴት» እየተባለ ያደገ ነውና። «ዛ» የአቤታ ቃል ናት። ታናሽ ታላቁን ሲጠራ ከስሙ በኋላ «ኧይ» ይጨምራል፤ «እማዬ» ለማለት «ሜ ኧይ» እንዲሉ። የተጠራው ታላቅ ከሆነ ያንኑ «ኧይ» መልሶ ይመልሳል፤ ታናሽ ከሆነ ግን «ዛ» ማለት አለበት። ያችኑ ቃል የደቡብ ሰዎች «ያ» ይሏታል፤ በደቡብም «ቨንግ» እምብዛም ስለማይነገር «ያ» የአቤታንም የእሺታንም ሥራ ይዛለች። ሰሜናዊው አክብሮቱን በንግግሩ መጨረሻ በ«አ» ሲያኖር፣ ደቡባዊው በመጀመሪያ በ«ያ» ያኖረዋል። ደቡባዊው «ኜ» በማለት ፈንታም «ኛ» ወይም «ንጌን» ይላል።

ከዚህች ቃል ቀላል ያልሆነ ስሕተት ተወልዷል። በሚያዝያ 1975 ዓ.ም. ሳይጎን ከወደቀች በኋላ እጅግ ብዙ ቬትናማውያን፣ አብዛኞቹም ከደቡብ፣ ወደ አሜሪካ፣ ወደ ፈረንሳይ፣ ወደ ካናዳና ወደ አውስትራልያ ተሰደዱ። በሐኪም ወይም በሹም ፊት የቀረበ ሽማግሌ ለእያንዳንዱ ንግግር «ያ» እያለ ሲመልስ፣ ጠያቂው «አዎን» ያለው ይመስለዋል። ሽማግሌው ግን «እሰማለሁ፤ በአክብሮት አደምጣለሁ» ማለቱ ነው፤ ተስማምቷል ወይስ አልተስማማም የሚለው ገና አልታወቀም። መድኃኒቱን እንዴት እንደሚወስድ ሳይገባው የገባው ተብሎ የሚሰናበት በሽተኛ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ቃሉ ቢተረጐም ኖሮ ይልቅ «አቤት» በተባለ ነበር፤ ነገር ግን የአብዛኞቹ የምዕራብ ልሳኖች ቤት ይህን ቃል የሚያስቀምጥበት መደርደሪያ የለውም።

በቀድሞው ዘመን የአቤታ ቃላት ደረጃ ከዛሬው ይበዛ ነበር። ለንጉሠ ነገሥቱ የሚናገር «ተው»፣ ለሹም አቤት የሚል «በም»፣ ለማንኛውም የተከበረ ሰው የሚናገር «ትአ» ብሎ ይጀምራል። የመጨረሻው ንጉሠ ነገሥት ባኦ ዳይ ነሐሴ ወር መጨረሻ ላይ በ1945 ዓ.ም. ዘውዱን ሲለቅ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቃላት ሰሚ አጡ፤ ዛሬ የሚሰሙት በቴአትርና በታሪክ ፊልም ነው። «ትአ» ግን ለማንም ክቡር የሚነገር ስለ ነበረ ሳይወድቅ ቀረ፤ የስብሰባ ንግግር ሁሉ እስከ ዛሬ በእርሱ ይከፈታል። በዚያው ዓመት መስከረም 2 ቀን ሆ ቺ ሚን በሀኖይ በባ ዲኝ አደባባይ የነጻነቱን ዐዋጅ ሲያነብ፣ በንባቡ መካከል ቆም ብሎ ሕዝቡን ይሰማ እንደ ሆነ በተራ የቤት ቋንቋ መጠየቁ ይተረካል። የዐዋጅ ልሳን መዝጊያ አገባቦችን አይቀበልም፤ ሕግም ጋዜጣም እንዲሁ ነው። እነርሱ የሚኖሩት ፊት ለፊት በሚነጋገሩ ሰዎች መካከል ነውና፣ የዚያች አጭር ጥያቄ ትዝታ ከረጅሙ ዐዋጅ እኩል መቆየቱ የሚያስገርም አይደለም።

ከዚሁ የተነሣ ቬትናምኛን ከመጻሕፍት ብቻ የሚማር ሰው አገባቦቹን ሳያገኛቸው ይቀራል። ከላይ የተጠቀሰው ደ ሮድ በ1651 ዓ.ም. በሮማ ባሳተመው የቬትናምኛ፣ የፖርቱጋልኛና የላቲን መዝገበ ቃላት ልሳኑን በላቲን ፊደል ከነቃና ምልክቶቹ በማቅረቡ ትልቅ ውለታ ውሏል፤ ዛሬ አገሩ የሚጽፍበት ፊደል ከዚያ የመጣ ነው። ነገር ግን መዝገበ ቃላት ለእያንዳንዱ ቃል አንድ አቻ መስጠት ልማዱ ስለ ሆነ አቻ የሌለው ቃል ሲገጥመው ይዳከማል። አሜሪካዊው ሎረንስ ቶምሰን በ1965 ዓ.ም. ባሳተመው የቬትናምኛ ሰዋስው ለአገባቦች ሰፊ ስፍራ መስጠቱ ለተማሪው እርምጃ ሆኗል። በአስተርጓሚ እጅ ግን አሁንም መጀመሪያ የሚጣሉት እነርሱ ናቸው። ልጅ ለአባቱ የተናገረውና አለቃ ለሎሌው የተናገረው በትርጕም ውስጥ አንድ ዓይነት ይሆናሉ፤ አንባቢውም ቬትናማውያን ደረቅ ነገር የሚናገሩ ሰዎች ይመስሉታል።

በስደት አገር የተወለዱት ልጆች ያሉበት ሁኔታ የባሰ ነው። ቃላቱን ያውቃሉ፤ ሩዙንና ትምህርት ቤቱን፣ መሄድንና መምጣትን በወላጆቻቸው ልሳን ይጠራሉ። ቀድሞ የሚያመልጣቸው ግን የንግግሩ ጫፍ ነው፤ ምክንያቱም ከጧት እስከ ማታ የሚነጋገሩበት እንግሊዝኛ ወይም ፈረንሳይኛ በዚያ ስፍራ ምንም እንዲያኖሩ አይጠይቃቸውም። በስልክ «በልቻለሁ» ብሎ ለአያቱ የሚመልስ ልጅ እውነቱን ተናግሯል፤ ሊያሳዝናትም አላሰበም። አያቲቱ የምትሰማው ግን የተቈረጠ ቃል ነው፤ ልጁ ተቈጥቶ እንደ ሆነ እናቱን ትጠይቃለች። በየከተማው የቬትናማውያን ማኅበራት በሰንበት በሚከፍቱት ትምህርት ቤት ከፊደል ጋራ ሰላምታን ከነ«ያ»ውና ከነ«አ»ው ማስተማር የተለመደው ስለዚህ ነው፤ በክፍል የተጠና «አ» ግን በቤት ካደገው ይልቅ የፈተና ድምፅ አለበት።

በአገሩ ውስጥ ደግሞ ነገሩ በተቃራኒው ሄዷል። በሱቅና በባንክ፣ በስልክና በአጭር የጽሑፍ መልእክት ደንበኛን የሚያስተናግዱ ወጣቶች የሰሜኑን መዝጊያ ከደቡቡ መክፈቻ ጋራ አጋጥመው በአንድ ንግግር ሁለቱንም ይጠቀማሉ፤ ቀድሞ በቃል ብቻ ትነገር የነበረችው «አ»ም ዛሬ በየመልእክቱ ጫፍ ትጻፋለች። ሽማግሌዎች በዝታለች፣ ለማንም ትበተናለች ብለው ያማርራሉ፤ ለሚከበረውም ለማይታወቀውም እኩል የተሰጠች ክብር ትረክሳለች ይላሉ። ክርክራቸው ሐሰት ባይሆንም ወጣቶቹ አልተመለሱም። «ዛ ቨንግ አ» የምትለው መልስ በሀኖይ ከጧት እስከ ማታ ትሰማለች፤ ሦስት ቃላት ናት፤ በሊቃውንቱ ሚዛን ሦስቱም ባዶ ናቸው፤ በስልኩ ወዲያ ያለው ሰው ግን የሚሻውን ሁሉ ሰምቶ ስልኩን ይዘጋል።